«ለቆኛል» ማለት ወጥቶልኛል ማለት አይደለም
ሐሺሽ በሰው ላይ ስንት ሰዓት፣ ስንት ቀን፣ ስንት ዓመት ይቆያል?



ውድ አንባቢያን! ሐሺሽ ከሚያጨሱ ወጣቶች ጋር ተቀምጦ የተጨዋወተ ሰው አንድ ቃል ሳይሰማ አይነሳም። ቃሉ «ለቆኛል» የሚል ነው። ማታ ያጨሰው ሹፌር ጠዋት መሪ ሲጨብጥ «አሁን እኮ ለቆኛል» ይላል። ሐሙስ ሌሊት ያጨሰው ዓርብ ለጁሙዓ ሲወጣ «ለቆኛል» ይላል። ለውጭ አገር ሥራ የጤና ምርመራ የሚጠብቀውም «ካጨስኩ ሳምንት አልፎኛል፣ ለቆኛል» ብሎ ይገባል። እናት «ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው ዓይንህ የቀላው?» ብላ ስትጠይቅም መልሱ ያው ነው።

ይህን የሚሉ ሁሉ ሆን ብለው ይዋሻሉ ለማለት አንቸኩልም። ብዙዎቹ የሚሰማቸውን ነው የሚናገሩት። ነገር ግን ለሰውየው የሚሰማው ስሜት ስለ አእምሮውና ስለ እጁ ሁኔታ እውነተኛ ምስክር ሊሆን ይችላልን? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው። የሐሺሽን ክልክልነት ለአንባቢ እንደ አዲስ ነገር ለማስተማር አልተነሳንም፤ እርሱ የታወቀ ነው። ያልታወቀው፣ ወይም ታውቆም የሚዘነጋው፣ የሚቆይበት ጊዜ ነው።

«ስንት ጊዜ ይቆያል?» የሚለው አንድ ጥያቄ ይምሰል እንጂ በውስጡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ስካሩ የሚሰማው ለስንት ሰዓት ነው? ሁለተኛ፣ የማስተዋልና የእጅ ቅልጥፍና የሚጓደለው እስከ መቼ ነው? ሦስተኛ፣ ቅሪቱ በሰውነት ውስጥ የሚገኘው ለስንት ቀን ነው? ሦስቱም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው የአንደኛውን ሰዓት አይቶ በሌሎቹ ላይ በመፍረድ ነው።

ሲጨስ እና ሲበላ

ሐሺሽም ተባለ ጋንጃ ወይም ማሪዋና፣ ሁሉም የሚገኙት ካናቢስ ከሚባለው ተክል ነው። በውስጡ ያለው ዋናው አስካሪ ነገር በአጭሩ ቲ.ኤች.ሲ. ይባላል። ይህ ንጥረ ነገር ተለይቶ አወቃቀሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1964 ራፋኤል መሹላምና የሒኤል ጋኦኒ የተባሉ ተመራማሪዎች ባወጡት ሥራ ነው።

የጨሰ ሐሺሽ ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል ለመድረስ የሚፈጅበት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በግማሽ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል። ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ዓይን ይቀላል፣ አፍ ይደርቃል፣ አምስት ደቂቃ ግማሽ ሰዓት ይመስላል፣ የተጀመረ ወሬ መሐል ላይ ይጠፋል። ስሜቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። «ለቆኛል» የሚባለውም እዚህ ላይ ነው።

በኬክ፣ በብስኩት ወይም በከረሜላ ተቀላቅሎ የተበላ እንደሆነ ግን መንገዱ ሌላ ነው። በሆድ በኩል ወደ ጉበት ይሄዳል። ጉበትም ቲ.ኤች.ሲ.ን ለውጦ ወደ አንጎል በቀላሉ የሚገባ ሌላ አስካሪ ነገር ያደርገዋል። ስለዚህ የሚጀምረው ከግማሽ ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ዘግይቶ ነው። ከጀመረ በኋላ ግን 6 ወይም 8 ሰዓት፣ አንዳንዴም 12 ሰዓት ድረስ ይቆያል።

ይህ መዘግየት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከአሜሪካ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት ሐሺሽ ለአዋቂዎች በሱቅ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ነው። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የ19 ዓመት ተማሪ የሆነ ወጣት ሐሺሽ ያለበት ብስኩት ቀረበለት። ብስኩቱ በጠቅላላው 65 ሚሊ ግራም ቲ.ኤች.ሲ. የያዘ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ይወሰድ የተባለው 10 ሚሊ ግራም ብቻ ነበር። ወጣቱ በመጀመሪያ እንደተነገረው አንዲት ቁራሽ በላ። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ያህል ጠብቆ ምንም ስላልተሰማው የቀረውን ሁሉ ጨረሰው። ከዚያም ንግግሩ ተዛባ፣ ጠበኛም ሆነ። ቀሪውን ከበላ ከሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ዘሎ ሞተ። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ጉዳዩን መርምሮ በ2015 ዘገባ አውጥቶበታል። ልጁን ያሳሳተው ምን ነበር? «አልያዘኝም» ብሎ ስሜቱን ማመኑ ነው። «አልያዘኝም» እና «ለቆኛል» የአንድ ስህተት ሁለት ጫፎች ናቸው።

እዚህ ላይ ታላላቆቻችን «እኛም በልጅነታችን ቀምሰናል፣ ምንም አልሆንን» ለሚሉት አንድ ነገር እንጨምር። በአሜሪካ ፖሊስ ከያዘው ሐሺሽ ላይ በተደረገ ምርመራ በ1995 የቲ.ኤች.ሲ.ው መጠን ከመቶ 4 ገደማ ነበር። በ2014 ከመቶ 12 ገደማ ደርሷል። ስሙ ያው ይሁን እንጂ ዛሬ የሚሸጠው የያኔው አይደለም።

በማግስቱ ምን ይቀራል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ሰዓት እንለፍ። በአውስትራሊያ የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 80 ጥናቶችን ሰብስበው መርምረው እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጽሑፍ፣ የመንዳት ችሎታ የሚጓደለው እንደ መጠኑና እንደ አወሳሰዱ ከ3 እስከ 10 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ መሆኑን ገልጸዋል። በመጠኑ ለተጨሰው 4 ሰዓት ገደማ፣ ለተበላው ደግሞ ከዚያ የበለጠ ማለት ነው።

ከዚህ ይልቅ ለጉዳያችን የሚጠቅመው በ2022 ከካሊፎርኒያ የወጣው ጥናት ነው። ሐሺሽ የሚያዘወትሩ 191 ሰዎች አጭሰው በመለማመጃ መኪና ላይ እንዲነዱ ተደረገ። በግማሽ ሰዓት ሲጠየቁ ብዙዎቹ ለመንዳት አመነቱ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ግን «አሁን እንነዳለን» የሚለው ድፍረታቸው ጨመረ። አነዳዳቸው ሲለካ ከግማሽ ሰዓቱ አልተሻለም ነበር። ድፍረቱ ቀደመ፣ ችሎታው ቀረ። ለሰው ሕይወት አደገኛ የሆነችው ጊዜ ይህች ናት። ሰውየው ሰክሮ መሆኑን በሚያውቅበት ሰዓት ይጠነቀቃል። መስከሩን የረሳ ሰካራም ግን የሚጠነቀቅበት ምክንያት የለውም።

የአብራሪዎቹም ታሪክ የሚነገር ነው። በ1985 በካሊፎርኒያ ፈቃድ ያላቸው 10 አብራሪዎች 19 ሚሊ ግራም ቲ.ኤች.ሲ. ያለበት ሲጋራ አጭሰው በመለማመጃ አውሮፕላን ተፈተኑ። ከ24 ሰዓት በኋላም አውሮፕላኑን ሲያሳርፉ ስህተት ታየባቸው። እነርሱ ግን ምንም አልተሰማቸውም። እውነቱን ለመናገር ያው ቡድን በ1989 ጥናቱን ሲደግመው በ24 ሰዓቱ ላይ ጉድለት አላገኘም። በ1991 ደግሞ 9 አብራሪዎችን ፈትኖ በ7ቱ ላይ በማግስቱ የተወሰነ ጉድለት ሲያይ፣ «ይሰማኛል» ያለው ግን አንዱ ብቻ ነበር። ጥናቶቹ ትናንሽ ናቸው፣ ውጤታቸውም የተለያየ ነው። ስለዚህ «ሁልጊዜ ሙሉ ቀን ይቆያል» አንልም። የምንለው ሲቆይ የሚቆይበት ሰው ራሱ አያውቀውም ነው።

ሌሊት ጫት ሲቅም ቆይቶ በላዩ ሐሺሽ የሚያጨስ፣ ከዚያም በሁለት ሰዓት እንቅልፍ ተነስቶ ሚኒባስ የሚያስነሳ ወንድማችን ይህን ደጋግሞ ያስብ። ጫቱ ያነቃው፣ ሐሺሹ ያዘገየው፣ እንቅልፉም የጎደለው አንጎል አንድ ነው። ከኋላው የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ደግሞ የሰው ልጆች ናቸው። ሕፃን የታቀፈች እናት ከመካከላቸው አለች።

የወር እንግዳ

ሦስተኛው ሰዓት የቅሪቱ ነው። አልኮል ከውሃ ጋር ይዋሃዳል፤ በሰዓታት ውስጥም ከደም ይጸዳል። ቲ.ኤች.ሲ. ግን ወዳጁ ስብ ነው። ከደም ወጥቶ በሰውነት ስብ ውስጥ ይሸሸጋል፣ ከዚያም ጥቂት በጥቂት ወደ ደም ይመለሳል። ጉበት የማያሰክር አተላ አድርጎ በሽንትና በሰገራ ያስወጣዋል። የሽንት ምርመራ የሚፈልገው ይህንኑ አተላ ነው።

አንድ ቀን ብቻ ያጨሰ ሰው ሽንቱ ላይ ለ3 ቀን ያህል ሊገኝበት ይችላል። በየቀኑ የሚያጨስ ከሆነ ካቆመ በኋላ ለ30 ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊታይበት ይችላል። ውሃ በብዛት መጠጣት፣ ሎሚና ኮምጣጤ መጋት፣ ሳውና መግባት ስብ ውስጥ የተሸሸገውን አጥቦ አያወጣም። ጊዜ ብቻ ነው የሚያወጣው።

እዚህ ላይ ፍትሕ እንናገር። ምርመራው «አለበት» ያለው ሰው በዚያች ሰዓት ሰክሯል ማለት አይደለም። ከሦስት ሳምንት በፊት ያጨሰ፣ ዛሬ አእምሮው የሰከነ ሊሆን ይችላል። አሠሪና ሕግ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ልዩነት አያደርጉም። በአሜሪካ በከባድ መኪና ሾፌርነት ከሚተዳደሩት መካከል በርካታ ወገኖቻችን አሉ። የሚኖሩበት ክፍለ ግዛት ሐሺሽን ቢፈቅድም የፌዴራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሾፌሮችን በሽንት ይመረምራል፤ ቅሪቱ የተገኘበትም ከመሪው ይነሳል። ከጥር 2020 ጀምሮም ውጤቱ አሠሪዎች በሚያዩት የአገር አቀፍ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በተባበሩት የአረብ ኤምሬቶች ደግሞ በደም ወይም በሽንት መገኘቱ ራሱ እንደ መጠቀም ተቆጥሮ ሊያስከስስ ይችላል። ቤት ሸጦ፣ እዳ ገብቶ የላከው ቤተሰብ ልጁ «ሳምንት አልፎኛል» ባለው ቃል ተማምኖ ከሆነ የሚጠብቀው ኪሳራ ነው።

የዓመታት ጉዳይ

እስካሁን የተናገርነው ስለ አንድ ሌሊት ነው። በ15 እና በ16 ዓመቱ ጀምሮ በየቀኑ የሚያጨስ ልጅ ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። የሰው አንጎል ተሠርቶ የሚያልቀው በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገደማ ነው። ያልደረቀ ጭቃ ላይ የረገጠ እግር አሻራ እንደሚተው፣ በዚህ ዕድሜ የሚወሰድ ሐሺሽም ከአዋቂው ይልቅ ይጎዳል። ከሚጠቀሙት ከአሥሩ አንዱ ገደማ ሱሰኛ ሲሆን፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ ከጀመሩት ግን ከስድስቱ አንዱ ይሆናል ተብሎ ይገመታል።

በስዊድን ለውትድርና የተመለመሉ ከ45 ሺህ በላይ ወጣቶች ለ15 ዓመት ክትትል ተደርጎባቸው ነበር። በ1987 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው በምልመላው ጊዜ ከ50 ጊዜ በላይ ሐሺሽ ወስደናል ያሉት፣ ፈጽሞ ካልወሰዱት ይልቅ ስኪዞፍሬኒያ በሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ስድስት እጥፍ ነበር። ይህ ማለት የሚያጨስ ሁሉ ያብዳል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው አያብድም። በቤተሰቡ ውስጥ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ግን በእሳት እየተጫወተ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

ስለ ማሰብ ችሎታም በኒውዚላንድ ዱኒዲን ከተማ ከተወለዱበት ጊዜ ጀምሮ ክትትል በተደረገላቸው ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት በ2012 ወጥቷል። በልጅነታቸው ጀምረው ለዓመታት በሱስ የቆዩት በእውቀት መለኪያ ፈተና እስከ 8 ነጥብ ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። ሌሎች ምሁራን ተነስተው ልዩነቱ ከኑሮና ከቤተሰብ ሁኔታ ሊመጣ ይችላል ብለው ተከራክረዋል። በመንትዮች ላይ የተደረገ ጥናትም የሚያጨሰውና የማያጨሰው መንትያ ብዙ እንደማይለያዩ አሳይቷል። ክርክሩ ገና አልተዘጋም። ልጁን ለሚወድ ወላጅ ግን ክርክሩ እስኪዘጋ መጠበቅ ብልህነት አይደለም።

የተበላሸው ይመለሳልን?

አልሐምዱሊላህ፣ በአብዛኛው ይመለሳል። ብዙ ወጣት «አንዴ ተበላሽቻለሁ» ብሎ ተስፋ በመቁረጥ ይቀጥላልና ይህ ክፍል በጥንቃቄ ይነበብ።

በ2001 በአሜሪካ በወጣ ጥናት ለረጅም ዓመታት በብዛት ያጨሱ አዋቂዎች ሐሺሹን ካቆሙ እስከ 7ኛው ቀን ድረስ የማስታወስ ጉድለት ታይቶባቸዋል። በ28ኛው ቀን ግን ከማያጨሱት ጋር ተቀራርበዋል። በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የአንጎልን ሥዕል አንስቶ በየቀኑ በሚያጨሱ ሰዎች ላይ ለቲ.ኤች.ሲ. በር የሆኑት ተቀባዮች ቀንሰው፣ ለአራት ሳምንት ያህል ሲታቀቡ ግን ወደ ነበሩበት መመለሳቸውን አሳይቷል። በ2018 በወጣቶች ላይ የተደረገውም ጥናት የማስታወስ ችሎታ መሻሻል የሚጀምረው በመጀመሪያው ሳምንት እንደሆነ አመልክቷል።

መንገዱ ግን ቀላል አይደለም። ዘወትር ያጨስ የነበረ ሰው ባቆመ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ የሚያስፈራ ሕልም ያያል። ይህ በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታል፣ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥም ይቀላል፤ እንቅልፉ ግን ሊዘገይ ይችላል። ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ሲያጨስ ዝም ያለው ቤት፣ አቁሞ ሲነጫነጭ «ጭራሽ ባሰበት» ብሎ ይጮህበታል። እንዲህ ያለው ቁጣ መልሶ ወደ ጓደኞቹ ይነዳዋል። እነዚያን ሦስት ሳምንታት በትዕግሥት፣ በምግብ፣ ከአሮጌው ሰፈሩ በማራቅና አብሮት በመዋል ማሳለፍ ያስፈልጋል።

ሐሺሹ ከለቀቀው በኋላም የሌለ ድምፅ የሚሰማ፣ «ይከታተሉኛል፣ ሊመርዙኝ ነው» የሚል ከሆነ ግን ነገሩ ከቤት በላይ ነው። ቁርኣን ማስቀራቱ መልካም ነው፤ ሐኪም ቤት ከመውሰድ ግን አያዘግይ። በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለዚህ የሚያገለግል ነው። የአእምሮ ሕመም እንደ ወባ ሕመም ነው፤ ቶሎ የታከመ ይሻለዋል። የሚያሳፍረው ሐኪም ዘንድ መሄዱ ሳይሆን በሽተኛን ደብቆ ማክረሙ ነው።

መለኪያው ማን ነው?

ሐሺሽ ለሙስሊሙ ዓለም እንግዳ አይደለም። በ1248 ያረፉት የአንዳሉሱ የመድኃኒት ሊቅ ኢብኑል በይጧር በግብፅ በአትክልት ቦታ ተተክሎ እንዳዩትና የሚያበዛበት ሰው ወደ እብደት እንደሚደርስ ጽፈዋል። ኢብኑ ተይሚያ በፈትዋዎቻቸው ከአስካሪ ነገሮች መድበውታል። በ14ኛው መቶ ዓመት የኖሩት አዝ-ዘርከሺም ስለ ክልክልነቱ ራሱን የቻለ ድርሰት ጽፈዋል። የሚፈስ መጠጥ አይደለምና ተፈቅዷል ለሚሉት የያኔ ሰዎችም ዑለማዎች መልስ ሰጥተዋል። መሠረታቸው አስካሪ ሁሉ እርም መሆኑን የሚያስተምረውና እመት ኡሙ ሰለማ ያስተላለፉት፣ የሚያሰክረውንም የሚያደነዝዘውንም የሚከለክለው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲሥ ነው።

በሱረቱ አን-ኒሳእ 43ኛው አንቀጽ ላይ የሰከረ ሰው የሚናገረውን እስኪያውቅ ድረስ ወደ ሶላት እንዳይቀርብ ታዟል። ልብ እንበል! እዚህ የተቀመጠው መለኪያ የሰዓት ቁጥር ሳይሆን የሚሉትን ማወቅ ነው። ስንት ረክዓ እንደሰገደ የጠፋው፣ ኢማሙ ያነበበውን ሰምቶ የማይከታተል ሰው «ለቆኛል» ቢል ራሱን ነው የሚያታልለው።

በሌላ በኩል «ያጨሰ ሰው ሶላቱ 40 ቀን ተቀባይነት የለውም፣ ስለዚህ እስኪያልፍ አልሰግድም» የሚሉ አሉ። 40 ቀን የሚለው ሐዲሥ ስለ ኸምር ጠጪ የተነገረ ነው። ዑለማዎች ሲያብራሩትም የሚታጣው ምንዳው እንጂ ግዴታው አይወርድም ብለዋል። ጥፋተኛው ሰው ከጥፋቱ ይመለስ፣ አእምሮው ሲሰክንም ይስገድ። በአንዱ ኃጢአት ላይ ሶላትን መተው ሌላ ኃጢአት መጨመር ነው፤ ከመስጂድ የራቀ ወጣትም ወደ ጭሱ ይበልጥ ይቀርባል።

ውድ አንባቢያን! ነገሩን እናጠቃልል። ስካሩ በሰዓታት ያልፋል፣ ጉድለቱ ከስካሩ በኋላ ይቆያል፣ ቅሪቱ ሳምንታትን ይሻገራል፣ በልጅነት የጀመረ ሱስ ደግሞ ዓመታትን ሊወስድ ይችላል። በእነዚህ ሁሉ ላይ ደካማው ምስክር ያጨሰው ሰው ራሱ ነው። ስለዚህ ሹፌር ወንድማችን ማታ ካጨስክ ጠዋት ቁልፉን ለረዳትህ አትስጥ፣ ለባለንብረቱ መልስ፤ የአንድ ቀን ገቢ ከአንድ ነፍስ አይበልጥም። ወላጅ ሆይ! ልጅህ «ለቆኛል» ሲልህ አትሳደብ፣ ቁጭ ብለህ «መቼ ጀመርክ?» ብለህ ጠይቀው። አንተም ወጣት ሆይ! ለ28 ቀን ራስህን ፈትን። ያን ጊዜ «ለቆኛል» ብትል ቃልህ እውነት ይሆናል።

አላህ (ሱ.ወ.) ወጣቶቻችንን ይጠብቅልን፤ የወደቁትን ያንሳልን። አሚን።